ማዳመጫዬን ስለደፈኑልኝ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሻሌቭ
የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ የደንበኞች አገልግሎትና የጥገና ክፍል ኃላፊ
ቂርያት ጋት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ለጆሮዎ፣ ለወገብዎና ለዳሌ አጥንትዎ፣ ምክንያቱም አንዱ ሲደፈን ሌላው እንዴት እንደሚሰበር በቅርቡ በቤቴ ለመማር ዕድል አግኝቻለሁና። ወላጆችዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው ይርዘም። ሲጠሩዎትም ይስሙ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ለመምሪያዎ በዕብራይስጥ ጽፌ ነበር፤ ማመልከቻዬ መድረሱንና እኔም ለመደብሩ እጅግ ውድ ደንበኛ መሆኔን የሚገልጽ መልስ የሰው እጅ ሳይነካው ወዲያው ደረሰኝ። አሁን ግን የእኛ ሰዎች በሚያነቡት የጋዜጣ ገጽ ላይ፣ አባቴ በሚሰማው ቋንቋ መጻፍ መርጫለሁ። ለመረዳት ከተቸገሩ መደብርዎ ውስጥ አማርኛ የሚያነቡ ሠራተኞች አሉ፤ ጠዋት ጠዋት እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ወለሉን የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። እስካሁን ስማቸውን ካልጠየቁ ይህ ለመተዋወቅ መልካም አጋጣሚ ይሆንልዎታል።

የምጽፍልዎ ስለ ገንዘብ አይደለም። አባቴ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው፤ ለዚህም የእርስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገኛል።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። በኢንዱስትሪ ቀጠናው በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር መሐንዲስ ነኝ፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ከሴት ጓደኞቼ ጋር ቡድን ሠርተን በኢንተርኔት ጌም እንጫወታለን። ይህን ሲያነቡ ፈገግ ካሉ አይፈሩ፣ አባቴም ፈገግ ይል ነበር። ጨዋታችን በጆሮ የሚጫወቱት ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ የሚረግጠውን ጠላት ቀድማ የሰማች ትተርፋለች፣ ያልሰማች ትወጣለች።

አባቴ አቶ አለበል በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ የእኛን ሰዎች ወደ እስራኤል ባመጣው በረራ ከአዲስ አበባ ከመጡት አንዱ ነው። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በዚህችው ከተማ በክር ፋብሪካ ሠርቷል። ጉሮሮውን ከታከመ ወዲህ ድምፁ ቀጥኗል፤ መጮህ አይችልም። ቀኝ እግሩም ስለማይታዘዘው ከአልጋ ለመነሣት ክንድ ይፈልጋል። እናቴ ካረፈች በኋላ ያ ክንድ የኔ ነው።

አሁን ለእርስዎ እንግዳ የሚሆንብዎትን ነገር በትሕትና ላስረዳ። አባቴ ባደገበት አገር አባት ልጁን የሚጠራው አንድ ጊዜ ነው። ልጅ ባለችበት ሆና «አቤት!» ትላለች፤ እጇ ሊጥ ውስጥ ቢሆን፣ እንቅልፍ ላይ ብትሆን፣ ተቆጥታም ብትሆን «አቤት» ትላለች። ደግሞ መጥራት በእሱ ቤት የለም። ሁለተኛው ጥሪ ልመና ነው፣ አባትም ልጁን አይለምንም። ስለዚህ በቤታችን ውስጥ የአደጋ ደወል፣ የነርስ ቁልፍ፣ ካሜራ የለንም። ያለን አንድ ጥሪና አንድ አቤት ነው። እርስዎ እስኪጠግኑት ድረስ በደንብ ይሠራ ነበር።

ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ማዳመጫውን ስለሸጡልኝ አመሰግናለሁ። ሻጭዎ ወጣቱ ያኢር መብራት የሚያብለጨልጨውን፣ ጆሮ ላይ እንደ ድስት ክዳን የሚገጥመውን ሊሸጥልኝ ብዙ ደክሞ ነበር፤ እኔ ግን ጀርባው ክፍት የሆነውን ጠየቅሁ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ይህ ዓይነቱ ማዳመጫ በውጭ በኩል በድፍን ፕላስቲክ ፈንታ ወንፊት ያለው ሲሆን ድምፅ በወንፊቱ ይወጣል፣ ይገባልም። ለአውቶቡስ አይሆንም፣ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ያስቀይማል፤ ጫጫታ ለበዛበት ቤትም አልመክረውም። ለጌም ግን ድምፁ ራስ ቅል ውስጥ ሳይታጎር በክፍሉ ውስጥ ተዘርግቶ ስለሚሰማ፣ እርምጃው ከግራ ይሁን ከኋላ፣ ከቅርብ ይሁን ከሩቅ ይለያል። በቂርያት ጋት በጋም ጆሮ አይቀቅልም።

ጥንካሬውን ደግሞ እንደ ሙያዬ መርምሬያለሁ። በራስ ላይ የሚያልፈው ቅስት ብረት መሆኑን፣ ገመዱ ሲበላሽ ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑን፣ የጆሮው ትራስ መለዋወጫ እንዳለው፣ ከሁሉም በላይ አካሉ በሙጫ ሳይሆን በብሎን የተያያዘ መሆኑን አይቼ ነው የወሰድኩት። በሙጫ የተጣበቀውን ማንም ከፍቶ ሊያየው አይችልም፤ በብሎን የታሰረውን ግን ውስጡ ምን እንደተሠራ ባለቤቱ ከፍቶ ያያል። ይህ ምርጫዬ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ከታች ያገኙታል።

ዋናውን ምክንያቴን ለያኢር አልደበቅሁትም። አባቴ ሲጠራኝ መስማት አለብኝ አልኩት። «ሰው እኮ የሚገዛው አባቱን ላለመስማት ነው!» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እኔም ሳቅሁ።

ማዳመጫውም የተባለውን ሠራ። ጨዋታ መሀል «ሙሉሽ» ሲል እሰማዋለሁ፣ «አቤት» እላለሁ፣ ወንበሬን ገፍቼ እሄዳለሁ። ጓደኞቼ በኔ ማይክሮፎን ይህችን ቃል እየሰሙ ለመዷት። ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡት ሃጋር፣ የቡድናችን መሪ፣ አንድ ቀን ከኔ ቀጥላ «አቤት!» አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ድምፃቸው በወንፊቱ ወጥቶ ለአባቴ ደረሰው። «እንዴ፣ ስንት ልጅ ነው የወለድኩት!» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ምንም ሳይፈልግ ይጠራኝ ጀመር፤ ስደርስ «የለም፣ ሂጂ ተጫወቺ፣ ልጆቼን ልሰማቸው ብዬ ነው» ይለኛል። የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህም ቀድሜ እየሰማሁ፣ ክንዱን ይዤ ማማድ ከምንለው ባለ ወፍራም ግድግዳ ክፍላችን አደርሰው ነበር። ለዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ፣ በዚህኛው ምስጋናዬ ውስጥ ሽሙጥ የለም። ሌሎቹን እንደፈለጉ ያንብቧቸው።

፪. ስለ ጥገናው አመሰግናለሁ። የግራው ማጠፊያ ተሰነጠቀ፤ ዕለት ተዕለት የሚተጣጠፍ ነገር ነውና አልተቀየምኩም። ዋስትናው ስላላለቀ አምጥቼ ማጠፊያው ብቻ እንዲቀየር አመለከትኩ። ስትመልሱልኝ ማጠፊያው ተቀይሯል፣ ትራሱም አዲስ ተደርጎለታል፣ ወንፊቱ እንኳ ተወልውሏል። መደብሩ ውስጥ ዘፈን በኃይል እየጮኸ ስሞክረው ድምፁ ወፍሮ፣ የራሴ ንግግርም ከጋን ውስጥ የሚወጣ መስሎ ተሰማኝና ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ያኢር «ትራሱ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጪው፣ ይለምዳል» አለኝ። አዲስ ትራስ በእርግጥም ድምፅ ይለውጣል። ይህን ስለማውቅ አመንኩት። አለማወቄ ሳይሆን ማወቄ እንዲያታልለኝ ማድረግ ቀላል ጥበብ አይደለም፤ አድናቆቴን ይቀበሉ።

፫. በዚያው ምሽት ተጫወትኩ። አባቴ መኝታ ቤቱ ነበር። የሆነውን ከእሱ አፍ ያወቅሁት በኋላ፣ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነው፤ እንደሚከተለው ነው።

ጠራኝ። አንድ ጊዜ።

ከሃጋር ጋር እየተሳሳቅን ነበር። ሳቄን በበሩ በኩል ሰማው። አቤት አላልኩም።

ጠበቀ። ደግሞ አልጠራም። ግድግዳውን ይዞ ራሱ ተነሣ፣ መተላለፊያው ላይ ወደቀ። ወለሉ ላይ ሆኖም አልጠራኝም፤ አስቀድሞ ጠርቶኛልና። ጨዋታው ሲያልቅ ሻይ ላፈላለት ብዬ ማዳመጫውን አውልቄ ስወጣ፣ ጀርባው በግድግዳው ላይ፣ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ጨዋታሽን ጨረስሽ?» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንግዳ ሲሄድ «ቡናውን ጠጥተህ ጨረስክ?» እንደሚባለው ነው ያለኝ። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ዓይነት ስድብ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በሥራ ቃለ መጠይቅ። እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደነበረ ጠይቄዋለሁ። አይነግረኝም።

፬. ስለ ሙያዊ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። አባቴ በሆስፒታል ዳሌው ሲጠገን፣ እኔ ቤት ተመልሼ ብሎኖቹን ፈታሁ። ከወንፊቱ በስተጀርባ፣ ከውጭ በማይታይበት በኩል፣ ግራጫ ስፖንጅ በልኩ ተቆርጦ ዙሪያውን በሙጫ ተለጥፎ አገኘሁ። በሙያዬ ብዙ የተበላሸ ሥራ አያለሁና ልመስክርልዎ፦ ሥራው ንጹሕ ነበር። ጠርዙ አልተዛነፈም፣ ሙጫው አልፈሰሰም። አንድ ሰው ደክሞበታል።

ይዤው መደብሩ ስመጣ የጥገና ክፍልዎ ባልደረባ ምሥጢር ሊያደርገው እንኳ አልሞከረም፤ እንዲያውም በኩራት አስረዳኝ። በእናንተ ዘንድ ማንኛውም ማዳመጫ ከጥገና ከመውጣቱ በፊት አንድ ፈተና ያልፋል፤ ድምፅ የሚያፈስ ወድቋል፣ ድምፅ የማያፈስ አልፏል። የኔው ወደቀ። ስለዚህ እንዲያልፍ አደረጋችሁት። «አምጥተሽ የሰጠሽን እኮ ድምፅ የሚያፈስ ዕቃ ነው፣ ማንም ያላየውን ጉድለት ነው ያየንልሽ» አለኝ። ክፍት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው ብዬ ሣጥኑን፣ ሥዕሉን፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ባሳየውም የፈተናው ማሽን ሣጥን አያነብም አለኝ። እኔም በፋብሪካ ፈተና የማወጣ ሰው ነኝ። ዕቃው ለምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ዕቃውን የሚፈትን ሰው በእኛ ዘንድ ከሥራ ይሰናበታል፤ በእናንተ ዘንድ ክፍል እንደሚመራ ስረዳ ዕድገት ለምን ከእኛ ፋብሪካ እንደራቀ ገባኝ።

፭. ስለ ልግስናዎ። በስልክ ባገኙኝ ጊዜ ሦስት ስጦታ አቅርበውልኛል፤ አንዱንም አልረሳሁም። አንደኛው፣ ብሎኑን ራሴ ስለፈታሁ ዋስትናዬ መሰረዙን የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው፣ የውጭን ድምፅ ጨርሶ የሚያጠፋ፣ ከሁሉ የበለጠ ድፍን ማዳመጫ ለመግዛት የሚያገለግል የቅናሽ ኩፖን ነው። ሦስተኛው ምክር ነበር፦ አባቴ በእጅ ስልኩ ለምን እንደማይደውልልኝ፣ ወይም የሕፃናት ድምፅ መከታተያ መሣሪያ ለምን አልጋው አጠገብ እንደማላደርግ ጠየቁኝ፤ እሱም ቅናሽ እንዳለው አከሉልኝ። ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ «በእናንተ ዘንድ ሽማግሌ እንደሚከበር አውቃለሁ፣ በጣም ደስ ይለኛል፤ ግን ዋስትናው ስለ ሽማግሌ ምንም አይልም» አሉኝ። ማክበርዎን አደንቃለሁ። በቀጥታ ለሽማግሌው ቢነግሩልኝ ግን ይሻል ነበር፤ የምጠይቅዎም ይህንኑ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ አጥንት እየጠገገ ነው። ችግሩ እሱ አይደለም። ከሆስፒታሉ ሊወጣ ሲል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋን ራሱ አስጠርቶ፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ አረጋውያን መኖሪያ እንዲወስዱት ጠየቀ። ለኔ ምክንያቱን አልነገረኝም። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ብዙዬ ግን፣ ልትጠይቀው በሄደችበት ጊዜ «ሰልችቻታለሁ፤ አልፈርድባትም፣ ወጣት ናት» አላት። እሷ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔ አላለቀስኩም፤ ስፖንጁን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም አስረዳሁት። ወንፊቱን አሳየሁት፣ ስፖንጁን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። «እሺ ልጄ። አልሰማሽም። ይሁን» አለኝ። ይህን «ይሁን» እርስዎ አያውቁትም። ሰው የሌላውን ዕዳ ሲሰርዝ፣ ላላመነውም ምክንያት አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ የሚለው ነው። ለእሱ ማዳመጫ ማለት ሰው ላለመስማት የሚደረግ ነገር ነው፤ ያኢርም ቢሆን እንዲሁ ነው ያለው። ልጅ ደግሞ አባቷን እንዳታሳዝን ብላ ያልሆነውን «እንዲህ ሆኖ ነው» ብትል ጨዋነት ነው። ስለዚህ አባቴ የሚያየኝ እንደ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰምታ ዝም እንዳለች ጨዋ ልጅ። የኔ ቃል በኔ ላይ በተነሣ ነገር ምስክር አይሆንም። የጓደኞቼም አይሆንም፣ የወይዘሮ ብዙዬም አይሆንም፤ እነሱ ይወዱኛል። ምስክር ሊሆንልኝ የሚችለው የማይወደኝ ሰው ነው። እርስዎን ያሰብኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ ልማድ ያጠፋ ሰው ከተበዳዩ ቤት ብቻውን አይመጣም፤ ሽማግሌዎች ይዞ ይመጣል፣ ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል፣ ሲቀመጥ ነገሩ ያልቃል። እኔም በዚያው ስልክ ይህንኑ በትሕትና ጠይቄዎት ነበር። ሽማግሌዎቹን እንኳ አላስቸግርዎትም፤ ከወይዘሮ ብዙዬ ባል ጀምሮ የሚመጡ አሉ። ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ መጥተው በራስዎ አፍ፣ በዕብራይስጥም ቢሆን፣ «እኛ ደፈንነው፤ ልጅዎ አልሰማችዎትም» ብቻ ይበሉት። እሷ ልትሰማዎት ስትል የመረጠችውን እኛ ደፈንነው ይበሉት። መኪና ማቆሚያ አለ። አሳንሰርም አለ።

እርስዎ ግን ጥፋትን ማመን የሕግ ክፍሉን ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ የሕግ ክፍሉ ደግሞ እንዲህ ያለ ፈቃድ ሰጥቶ እንደማያውቅ አስረዱኝ። መደብርዎ ይህን ያህል ዘመን ሲሠራ አንድም ጊዜ ጥፋት አምኖ የማያውቅ መሆኑን በመስማቴ ከእንዲህ ያለ ንጹሕ ተቋም ጋር በመገበያየቴ ኮርቻለሁ።

አባቴ የሚኖርበት ክፍል ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። ከአልጋው ራስጌ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ሲጫነው ነርስ ትመጣለች። ስጎበኘው ትራሱን ማስተካከል ሲፈልግ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ቁልፉን ይጫናል። ስሜን አይጠራም። «አንቺ ልጅ» ይለኛል፣ «ደህና ነሽ?» ይለኛል፣ ሃጋርንም እንዴት ናት ይለኛል። ሙሉሽ ግን አይልም፤ ሙሉሽ ካለ አቤት መጠበቅ ይመጣል፣ መጠበቅን ደግሞ ትቶታል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከብዙ ሥራዎ ላይ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክፍሎችዎ ሁሉ ለማሽኑ ጭምር ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ። የፈተናችሁት ሁሉ እንዲያልፍ፣ ያለፈውም ሁሉ ጸጥ እንዲል እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ መዝገብ ላይ በዕብራይስጥ ስሜ ኦዴያ፣ ውድ ደንበኛ፤ በአባቴ አፍ ደግሞ ሙሉሽ፤ ከማንም ሱቅ በር ላይ በኩፖን የማልመለስ የአለበል ልጅ ነኝ።

ሙሉሽ አለበል
ቂርያት ጋት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ብዙዬ ይህን ደብዳቤ ለአባቴ ልታነብለት ቃል ገብታለች፤ ከእኔ ደብዳቤ በኋላ የእርስዎ መልስ መጥቶ እንደሆነ እየጠየቀ እንዲጠብቅ ማድረግ ግን አልፈልግም፤ በቂ ጠብቋል። ማዳመጫውን ስፖንጁን አውልቄ መልሼ አስሬዋለሁ፤ እንደ አዲስ ነው፣ ምርጫዬ ጠንካራ ነበር። አድርጌው ስቀመጥ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም፣ አሳንሰሩ ሲወርድ፣ የላይኛው ፎቅ ልጆች ሲሯሯጡ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ከመኝታ ቤቱ በኩል የሚመጣ ግን የለም። ከዚህ በፊት የጻፍኩት ለመምሪያዎ፣ የተናገርኩትም እርስዎ በደወሉልኝ ስልክ ነበር። በስምዎ፣ በሰው ፊት የጠራሁዎት ዛሬ ነው፤ አቶ ሻሌቭ። እኔ ደግሞ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ሁለተኛ አልጠራም።